የድመት አሸዋ አኳሪየም ውስጥ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባብያን! ስለ መብራትና ስለ ፊልተር የጠየቃችሁ በዚህ እትም ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ስለ አንድ ነገር ብቻ የመጣው ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ውጦታል። ነገርየው ድመት የምትጸዳዳበት ርካሹ የሸክላ አሸዋ ነው፣ እጽዋት ያለበት አኳሪየም ውስጥ ከስር ቢነጠፍ ምን ይሆናል የሚል። አንዳንዱ ሊጀምር አስቧል፣ አንዳንዱ ጀምሮ መሃል ላይ ቆሟል፣ አንደኛው ደግሞ ገንዳው ጭቃ ከሆነበት በኋላ ነው የጻፈልኝ። በሉ ተራ በተራ እንያቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አኳሪየሜ 60 በ30 ሴንቲ ነው፣ ለእጽዋት ተብሎ የሚሸጠው ሶይል ዋጋው አይቀመስም። አንድ ጓደኛዬ የድመት አሸዋ አጥበህ አንጥፍ ምንም ልዩነት የለውም አለኝ፣ ሌላኛው ደግሞ ዓሣዎችህን ትፈጃለህ አለኝ። የቱን ልስማ? (ግራ የገባው ጀማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው፣ ግን ስለ ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው የሚያወሩት። ከረጢቱ ላይ ሁለቱም የድመት አሸዋ ነው የሚለው፣ ሁለቱም ሸክላ ነው፣ እጅህ ላይ ስታየውም ያን ያህል አይለይም፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን አንደኛው እንደገባ ይቀመጣል አንደኛው ማጥ ይሆናል።

ማጥ የሚሆነው የሚጓጉለው ዓይነት ነው። ድመቷ ስትሸናበት ተጣብቆ ጓል የሚሰራው፣ በአካፋ ላንሳህ ስትለው የሚመቸው። እሱ ሶዲየም ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ ነው፣ ሥራው ውሃ ጠጥቶ ማበጥ ነው፣ ከደረቅ መጠኑ እስከ 15 እጥፍ ድረስ ያብጣል። ይሄ አኳሪየም ውስጥ በጭራሽ አይገባም፣ አሸዋ ቀላቅዬበት ከላይ ሸፍኜበት ምናምን የሚባል ነገር የለም፣ በቃ አይገባም።

ሁለተኛው የማይጓጉለው፣ የድሮው፣ ብዙ ጊዜም ርካሹ ነው። እሱ እንዲያውም መጀመሪያ ለድመት የታሰበ ዕቃ አልነበረም፣ ፋብሪካና ጋራዥ ወለል ላይ ዘይት ሲፈስ የሚበተንበት የሸክላ ፍርፋሪ ነበር፣ በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የሚባል ሰው ለድመቷ አሸዋ ፈልጋ ለመጣች ጎረቤቱ በአሸዋው ፋንታ ይሄንን ሰጣት፣ ወደደችው፣ ከዛ በኋላ ነው በከረጢት እየታሸገ የድመት ዕቃ ተብሎ መሸጥ የጀመረው። ይሄን ያመጣሁት ለወሬ ብቻ አይደለም፣ ዛሬም የዘይት መምጠጫ ተብሎ የሚሸጠው የሸክላ ፍርፋሪና የማይጓጉለው የድመት አሸዋ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ናቸው፣ ለኛ ሥራ እንዲያውም የዘይት መምጠጫው ይመረጣል፣ ምክንያቱም ጋራዥ ውስጥ ሽቶ የሚፈልግ ሰው ስለሌለ ሽቶ አይጨምሩበትም።

የማይጓጉል ስለተባለ ብቻ ግን እንዳታምነው። ዋናው ነገር መተኮሱ ነው። ሸክላ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲተኮስ ከራሱ ከማዕድኑ ጋር ተሳስሮ የነበረው ውሃ ይወጣል፣ ከዛ ወዲያ ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በደንብ ያልተተኮሰው፣ ዝም ብሎ ደርቆ የታሸገው ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠጠር መስሎ ይቆምልህና ቀስ እያለ ይፈርሳል። ከረጢቱ ደግሞ በስንት ዲግሪ እንደተተኮሰ አይጽፍም፣ ስለዚህ አንተው ራስህ ነህ የምትፈትነው።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። አንድ እፍኝ የሚሆን ብርጭቆ ውስጥ ጨምርና ውሃ ሙላበት፣ አትንካው። መጀመሪያ ትንንሽ አረፋ እየተፋ ይንጣጣል፣ ይሄ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የነበረው አየር ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው። ውሃው ይደፈርሳል፣ እሱም አያስደነግጥም አቧራው ነው። በማግስቱ ድፍርሱን ድፋና ንጹህ ውሃ ጨምር፣ ከዛ ሳምንት ያህል አስቀምጠው። አሁን አንድ ፍሬ አውጣና በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መሃል አድርገህ ጫን እያልክ እሸው። ጥሩው ይቆረቁርሃል፣ ብዙ ከጨከንክበት ቀጭ ብሎ ለሁለት ይሰበራል እንጂ አይላቆጥም። መጥፎው ጣትህ ላይ እንደ ቅባት ይለጠፋል፣ ስታሸው ፍሬው የት እንደገባ ይጠፋሃል። ብርጭቆውን ነቅነቅ ስታደርገውም የጥሩው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠራል፣ የመጥፎው እንደደፈረሰ ያድራል። ሳምንት መጠበቅ ያቃተው ሰው ቢያንስ 2 ቀን ይጠብቅ፣ ግን እኔ ብሆን ሳምንቱን እጠብቃለሁ ምክንያቱም ገንዳ ማፍረስ ከዚህ በጣም ይረዝማል።

ከዛ ሽታው። ሽቶ፣ ጠረን ማጥፊያ፣ ባክቴሪያ መግደያ፣ ቤኪንግ ሶዳ ተጨምሮበታል የሚል ጽሑፍ ካየህ ተወው። ባክቴሪያ መግደያ ያለበትን ነገር አኳሪየም ውስጥ ማስገባት ደግሞ የዓሣውን ቆሻሻ እየሰበረ ገንዳውን የሚያቆምልህን ባክቴሪያ ራሱን መግደል ነው። ከከረጢቱ ስታወጣው የአፈር ሽታ ብቻ ነው ሊሸት የሚገባው። ደረቁ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ አቼቶም ጣል አድርግበት፣ ከተንፏቀቀ ውስጡ የኖራ ድንጋይ አለ ማለት ነው፣ ውሃህን ያጠነክረዋል፣ ማለትም ካልሲየም ይጨምርበታል፣ የአሲድነቱን መለኪያ ፒኤችንም ወደ ላይ ይወስደዋል። ለአንዳንድ ዓሣ ችግር የለውም፣ ለስላሳ ውሃ ለሚወደው ግን አይሆንም።

ማጠቡ አሰልቺ ነው ዋሽቼ አልነግርህም። መጀመሪያ ደረቁን ስትገለብጥ አፍና አፍንጫህን በማስክ ሸፍን፣ የሸክላ አቧራ ውስጥ ደቃቅ ሲሊካ ሊኖር ይችላል ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ወይም ከረጢቱ ውስጥ እያለ ውሃ ርጨት ርጨት አድርግበት። ባልዲ ላይ ሩብ ያህል ብቻ ጨምር፣ ውሃ በጎማ ልቀቅበት፣ በእጅህ አማስለው፣ ድፋው፣ ድገመው። ስታማስል ቀስ በል፣ ፍሬ ከፍሬ ጋር በኃይል ከተፋጨ አዲስ አቧራ ነው የምታመርተው፣ መስታወት እስኪመስል ልጠብቅ ካልክ አትጨርስም፣ ቀለል ያለ የሻይ ቀለም ሲሆን ይበቃዋል። ድፍርሱን ግን ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ እንዳትደፋ፣ ቧንቧው ውስጥ ሄዶ ይረጋና በኋላ ዕዳ ነው፣ አትክልት ሥር ድፋው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ፣ ጓደኛህ ምንም ልዩነት የለውም ያለው እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። የሚሸጠው የእጽዋት ሶይል ምግቡን ይዞ ነው የሚመጣው። ሸክላው ግን ባዶ ጎተራ ነው። ሸክላ ፊቱ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ የሆኑትን፣ አሞኒየምን፣ ፖታሲየምን፣ ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምን፣ ብረትን እየያዘ ያስቀምጥና ሥሩ ሲመጣ ይለቅለታል፣ ተራ አሸዋና ጠጠር ይሄን ችሎታ የላቸውም ማለት ይቻላል። ናይትሬት ኔጌቲቭ ስለሆነ አይያዝም፣ እሱ ውሃው ውስጥ ነው የሚንሳፈፈው። ስለዚህ ሸክላውን አንጥፈህ ምንም ሳትሰጠው ቀርተህ እጽዋቱ ለምን ቢጫ ሆኑ ካልክ መልሱ ጎተራው ውስጥ ማንም ምንም አላስገባም ነው። ሥር ላይ የሚቀበሩትን የማዳበሪያ እንክብሎች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ እያራራቅህ ቅበር፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ድገም፣ ወይም ፈሳሽ ማዳበሪያ ውሃው ላይ ስጥ፣ ሸክላው የራሱን ድርሻ ከውሃው እየወሰደ ያስቀምጣል። የዓሣው ኩስም ከጊዜ ብዛት ይሞላዋል፣ ዓመት ያለፈው የሸክላ ወለል ከአዲሱ በጣም የሚሻለው ለዚህ ነው።

መጠኑን ደግሞ እንዲህ ነው የምታሰላው፦ ርዝመት በወርድ በጥልቀት በሴንቲ አባዛና ለ1000 አካፍል። ያንተ 60 በ30 በ6 ቢሆን 10.8 ሊትር ይመጣል፣ በማጠብ የሚጠፋውን ጨምረህ 12 ሊትር ያዝ። ከፊት 4 ከኋላ 8 ሴንቲ አድርገህ ተዳፋት ብታደርገው ለዓይንም ያምራል፣ ሥረ ረጅሞቹም ከኋላ ቦታ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? የተተኮሰ ሸክላ አንጥፌ እጽዋቱን ተክዬ ዓሣዎቹን ካስገባሁ በኋላ ፒኤች ከ7.2 ወደ 6 ወርዷል፣ ኬኤች ደግሞ ስለካው ዜሮ ነው የሚለው። ውሃ ስቀይር ይስተካከልና በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። መለኪያዬ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሸክላው መርዝ አለው? (ውሃ ለኪዋ)

መልስ፦ እህቴ መለኪያሽም ደህና ነው ሸክላውም መርዝ የለውም፣ ጥያቄሽ ግን ከመጡት ሁሉ የተሻለው ነው ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሳይለካ ዓሣ ይጨርሳል።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። አዲስ ሸክላ ቦታዎቹ ላይ ሃይድሮጅን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ውሃሽ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲያገኝ እነሱን ይይዝና ሃይድሮጅኑን ይለቃል፣ የተለቀቀው ሃይድሮጅን ደግሞ ኬኤች የምንለውን፣ ፒኤች እንዳይወዛወዝ የሚይዘውን ባይካርቦኔት ይበላዋል። ባይካርቦኔቱ ሲያልቅ ፒኤች የሚይዘው የለም ይወርዳል። ውሃ ስትቀይሪ አዲስ ባይካርቦኔት ታስገቢያለሽ፣ ሸክላው እሱንም ይጨርሰዋል፣ ግን ቦታው ማለቂያ የሌለው አይደለም፣ አንድ ቀን ይሞላና ያቆማል። አካዳማ የሚባለው የጃፓኖች የቦንሳይ ሸክላም ይሄን ጠባይ በደንብ አለው፣ ስለዚህ የርካሽ ዕቃ በሽታ አይደለም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ። መጀመሪያ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ ለኪ። ይሄን አጥብቄ የምልሽ ምክንያት አለኝ፦ ፒኤች 6 አካባቢ ላይ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ቀስ ያደርጋሉ፣ ስለዚህ አሞኒያ ሊጠራቀም ይችላል፣ ግን በዝቅተኛ ፒኤች አብዛኛው አሞኒየም ሆኖ ስለሚቀመጥ ዓሣውን እምብዛም አይነካውም። አንቺ ደንግጠሽ ፒኤችን በአንዴ ወደ 7.5 ብታወጪው ከዛ ውስጥ የመርዛማው አሞኒያ ድርሻ በብዙ እጥፍ ይጨምርና ያን ጊዜ ነው ዓሣ የሚሞተው። ሰው ከዛ በኋላ የገደለው የወረደው ፒኤች ነው ይላል፣ አይደለም፣ የገደለው ማስተካከያው ነው። አሞኒያ ካለ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ 15 እስከ 20 በመቶ ያህል ውሃ እየቀየርሽ አውጪው፣ ምግብም ቀንሺ።

አሞኒያ ከሌለ ነገሩ ቀላል ነው፣ በየሁለት ቀኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቀይሪ፣ ኬኤች ለኪ፣ የሚወርድበት ፍጥነት ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ሲመጣ ታዪዋለሽ። እስከዛው ፊልተሩ ውስጥ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት የተሰባበረ ዛጎል ወይም ኮራል ማስቀመጥ ጥሩ ነው፣ ቀስ እያለ ነው የሚሟሟው፣ ካልሲየምም ይሰጣል ሸክላው የሚፈልገው እሱን ነው። ቤኪንግ ሶዳም ይሰራል፣ ለ100 ሊትር 3 ግራም ኬኤችን በ1 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል፣ በቀን ከዛ በላይ አትሂጂ፣ ግን እሱ የሚያስገባው ሶዲየም ስለሆነ እኔ ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ ነው የምመክረው፣ የሸክላሽን ቦታ በሶዲየም መሙላት ለእጽዋቱ ምንም አይጠቅምም።

ገና ልትጀምሩ ያላችሁ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልዲ ላይ ማለቅ ይችላል። ሸክላውን አጥባችሁ በጠንካራ ውሃ ዘፍዝፉት፣ በ24 ሰዓቱ የባልዲውን ኬኤች ለኩ፣ ቀይሩት፣ እንደገና ለኩ። የባልዲው ኬኤች ከቧንቧው ጋር እኩል ሆኖ ሲያድር በቃ ጨርሷል፣ ወደ ገንዳ ይግባ። ዓሣ ያላስገባችሁበት ገንዳ ከሆነም እዛው ገንዳው ውስጥ እየቀየራችሁ መጨረስ ይቻላል፣ ባዶ ገንዳ ባክቴሪያ አደራጅቶ እስኪቆም ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቃችሁ አይቀር፣ ወለሉ ሸክላም ሆነ ሌላ ይሄ ጊዜ አይቀርም።

ጥያቄ፦ የተከልኩት ሁሉ ጠዋት ስነሳ ላይ ላይ ተንሳፍፎ ነው የማገኘው!! ሦስቴ ተከልኩ ሦስቴም ወጣ። ምን ይሻላል? (ተስፋ የቆረጠ)

መልስ፦ ተስፋ አትቁረጥ፣ ሸክላው ቀላል ስለሆነ ነው። አሸዋ ከላይ ይጫናል፣ የተተኮሰ ሸክላ ግን ውስጡ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ያን ያህል ክብደት የለውም፣ ግንዱ ትንሽ አየር ከያዘ ይዞት ይወጣል።

አተካከሉን ለውጥ። ገንዳውን በውሃ አትሙላው፣ ሸክላው ረጥቦ ከላዩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ብቻ ውሃ ሲኖር ትከል። ሥሩን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ አድርገህ ቁረጠው፣ ረጅም ሥር ሲታጠፍ መልሶ ራሱን ይገፋል። ረጅም ወረንጦ ያዝ፣ ተክሉን ግንዱ ላይ ሳይሆን የሥሩ ጫፍ ላይ ያዘው፣ ቀጥ አድርገህ ሳይሆን አጋድመህ አስገባው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጥልቅ አድርግና ከዛ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳብ አድርገው አንገቱ ብቅ እስኪል፣ እንዲህ ሲሆን ሥሮቹ ወደ ታች ተዘርግተው ይቀራሉ። ወረንጦውን ስታወጣ ከመክፈትህ በፊት ነቅነቅ አድርጋት ፍሬዎቹ ቀዳዳውን ይሙሉት፣ አብዛኛው ሰው ቶሎ ይከፍትና ተክሉን ከወረንጦው ጋር መልሶ ይዞት ይመጣል። ውሃ ስትሞላ ደግሞ ሳህን ወይም ላስቲክ ከስር አንጥፍና እሱ ላይ አፍስስ፣ ያለዚያ የተከልከውም ይነቀላል ውሃውም ይደፈርሳል፣ ያ ዱቄት ደግሞ ፊልተር ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሊይዘው ይችላል።

ብዙ ሰው ከላይ አሸዋ አልብሰው ይላል። እኔ ብዙም አልወደውም፣ ደቃቅ አሸዋ በሸክላው ፍሬዎች መሃል እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል ሸክላው ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከወራት በኋላ የተዘበራረቀ ነገር ነው የምታየው። የግድ ካስፈለገህ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ ጠጠር ሁለት ሴንቲ ያህል አልብሰው፣ እሱ ይሻላል። ሥሩ አንዴ ከያዘ ግን ምንም አይነቅለውም፣ በወሩ ክሪፕቶኮራይን ለመንቀል ስትሞክር የወለሉን ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው። በነገራችን ላይ ክሪፕቶኮራይን በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉ ሁሉ ቀልጦ ሊያልቅ ይችላል፣ ሞተ ብለህ እንዳትጥለው፣ ሥሩ ካለ ይመለሳል። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ከተከልክ ግን አውጣቸው፣ የእነሱ አግዳሚ ግንድ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ እሰራቸው፣ ለእነሱ ከስር ምን እንደተነጠፈ ግድ የላቸውም።

ጥያቄ፦ ሳላውቅ የሚጓጉለውን ገዝቼ አንጥፌያለሁ። ውሃው እንደ ወተት ነው፣ ከስር እጄን ሳስገባ እስከ አንጓዬ ይሰምጣል። ማጥሪያ ኬሚካል ብጨምርበት ይስተካከላል? ዓሣዎቹ እስካሁን በሕይወት አሉ። (ጭቃ ውስጥ ያለ)

መልስ፦ አይስተካከልም። ኬሚካሉ ከላይ ያለውን ድፍርስ ያረጋልህ ይሆናል፣ ከስር ያለው ግን ያው ማጥ ነው፣ ሥር እዛ ውስጥ አየር አያገኝም፣ አንድ ዓሣ ጅራቱን ባወዛወዘ ቁጥር ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። የማይረጋው ፍሬዎቹ ከ2 ማይክሮን በታች ስለሆኑና ቻርጃቸው ስለሚገፋፋቸው ነው፣ ብትጠብቀው ቀናት ይወስዳል።

ደስ የሚለው ነገር ቤንቶናይት ራሱ መርዝ አይደለም፣ የኮይ ዓሣ ኩሬ ያላቸው ሰዎች ካልሲየም ቤንቶናይት የሚባለውን ወንድሙን አውቀው በጥቂቱ የሚጨምሩ አሉ። ስንጥባቸውን ነው የሚያስቸግራቸው እንጂ አይመርዛቸውም፣ ስለዚህ ዛሬ ተረጋግተህ ሥራ። ንጹህ ትልቅ ባልዲ ወይም ሳፋ ላይ በተመሳሳይ ሙቀት ክሎሪኑ የወጣለት ውሃ አዘጋጅ፣ ዓሣዎቹን ወደዛ፣ ፊልተሩንም አብሮ ወደዛ አዛውርና አስነሳው፣ ባክቴሪያው ያለው እሱ ላይ ነው። ስፖንጁን ከቧንቧ ውሃ ጋር አታጋጨው፣ ከባልዲው በቀዳኸው ውሃ እጠበው። ውሃውን በጎማ ሳብ፣ ጭቃውን በጣሳ እየቀዳህ ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጥ፣ ወደ ሽንት ቤትም ወደ ማጠቢያም እንዳይሄድ፣ ፀሐይ ላይ አድርቀውና ደረቁን ጣለው። መስታወቱን ሁለት ሦስቴ አለቅልቅ፣ ከዛ ጊዜያዊ ጠጠር አንጥፍና ዓሣዎቹን መልስ። አዲሱን ሸክላ በብርጭቆ እስክትፈትን እዛው ይቆዩ።

ጥያቄ፦ የክሪስታሉ የድመት አሸዋስ? የእንጨቱስ? ዜዮላይት የሚለውስ? (አማራጭ ፈላጊ)

መልስ፦ ክሪስታሉ ሲሊካ ጄል ነው፣ ይቅር። የእንጨት፣ የወረቀት፣ የበቆሎ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳሉ፣ ይቅሩ። ዜዮላይት ማዕድን ነው፣ ንጹህ ከሆነ ይቻላል፣ አሞኒየም በደንብ ይይዛል፣ ግን ዓሣ ታሞ ገንዳው ውስጥ ጨው ከጨመርክ ሶዲየሙ አሞኒየሙን አስለቅቆ በአንዴ ያወጣብሃል። ሸክላውም በጥቂቱ ይሄ ጠባይ አለው፣ ስለዚህ የታመመ ዓሣ በጨው ስታክም ለብቻው አውጥተህ አክመው። ድመት የተጠቀመችበትን አጥቤ ባስገባስ ብሎ የጠየቀም አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ አይሆንም! ከአሞኒያው ሌላ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ነው የሚተላለፈው።

ጥያቄ፦ ኮሪዶራስ የሚባሉ ስድስት ጢማም ዓሣዎች አሉኝ፣ አፈር መቆፈር ነው ሥራቸው። የዚህ ሸክላ ጠርዝ ጢማቸውን አይቆርጠውም? (የኮሪዶራስ እናት)

መልስ፦ እንደ ሸክላው ነው። እርጥቡን የእጅሽ ጀርባ ላይ አድርገሽ እሺው፣ ከቧጠጠሽ እነሱንም ይቧጥጣቸዋል። አንዳንዱ ስለታም ነው፣ አንዳንዱ በማጓጓዝና በማጠብ ጠርዙ ተፍቆ ክብ ክብ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ግን የኮሪዶራስ ጢም የሚያልቀው በስለት ብቻ አይደለም፣ የቆሸሸ ወለልም ባክቴሪያው ይበላዋል፣ ሸክላ ደግሞ ፍሬው ትልቅ ስለሆነ የተረፈ ምግብ መሃሉ ይገባና እዛ ይበሰብሳል፣ እነሱም ሊደርሱበት አይችሉም። እኔ ብሆን ገንዳውን እከፍለዋለሁ፣ ከኋላና ከጎን ሸክላና እጽዋት፣ ከፊት ለፊት በድንጋይ ረድፍ ተለይቶ ደቃቅ ለስላሳ አሸዋ፣ ምግባቸውንም እዛው አሸዋው ላይ። አፍንጫቸውን ቀብረው አሸዋ በስንጥባቸው ሲያስወጡ ማየትም አንድ ደስታ ነው፣ በሸክላ ላይ ይሄን አያደርጉትም። ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ ግን ሸክላው ምንም አይላቸውም።

ጥያቄ፦ ከሸክላው ውስጥ አረፋ ይወጣል። እንጨት ሳስገባበት ብዙ ይወጣል። ሊፈነዳ ነው እንዴ? ደግሞስ በሲፎን ሳጸዳ ሸክላው ራሱ እየተሳበ ይሄዳል። (አረፋ ያሰጋው)

መልስ፦ አይፈነዳም ወንድሜ። አረፋው ከሸተተህ ነው ቁም ነገሩ። ምንም ካልሸተተ ናይትሮጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነገር ነው፣ ተወው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ከስር አየር የማይደርስበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ወለሉ ከ8 ሴንቲ ያለፈበት ወይም ምግብ የተቀበረበት ቦታ ነው። ያን ቦታ በቀጭን እንጨት በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ውጋው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አታገላብጠው። የተተኮሰ ሸክላ ፍሬው ስለሚከፋፈት ከደቃቅ አሸዋ ይልቅ በዚህ በኩል ይሻላል፣ ሥር የበዛበት ወለል ደግሞ ራሱን ያናፍሳል። ሾጣጣዎቹ አፈር ውስጥ የሚገቡት የማሌዥያ ቀንድ አውጣዎችም ያግዙሃል፣ መብዛታቸውን ከቻልከው።

ሲፎኑን ሸክላው ውስጥ አትክተተው። ከላዩ አንድ ሁለት ጣት ከፍ አድርገህ ይዘህ ላዩ ላይ ያለውን ብቻ ሳብ፣ ጎማውን በጣትህ ቆንጠጥ ለቀቅ እያደረግህ። እጽዋት ያለበትን ወለል ከስር ድረስ ማጽዳት አያስፈልግም፣ የወረደው ቆሻሻ ለሥሩ ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ልቀይር ስለሆነ ገንዳውን ማፍረሴ ነው። ሦስት ዓመት ያገለገለ የሸክላ ወለል ልጣለው ወይስ ልውሰደው? (ተጓዥ)

መልስ፦ ኧረ እንዳትጥለው! አሁን ነው ጥሩ የሆነው፣ ቦታው ሞልቷል ኬኤችም አይበላም። በራሱ በገንዳው ውሃ አንድ ሁለቴ ለቅለቅ አድርገውና እርጥብ እንደሆነ ክዳን በማይጠብቅበት ባልዲ ውሰደው፣ ውሃ ሸክላውን እስኪሸፍን ድረስ አትሙላበት፣ እርጥበትና አየር ነው የሚፈልገው። ከደረቀ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ሸክላው ግን ምንም አይሆንም፣ እንደ አዲስ ገንዳ ቆጥረህ ሳምንታት ትጠብቃለህ ማለት ነው። ስትመልሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት አሞኒያ ለካ፣ ያረፈ ቆሻሻ ስለተነቀነቀ ሊወጣ ይችላል፣ ዓሣዎቹን አትቸኩልባቸው። ስታጥበው በጣትህ እሽት አድርገህ እየው፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ አሁን መላቆጥ የጀመረ ካለ እሱን በወንፊት ለይና አበባ ያለበት ሸክላ ድስት ላይ ከአፈር ጋር ቀላቅለው፣ ሦስት ዓመት የዓሣ ኩስ የጠጣ ስለሆነ አበባው ይወደዋል።